ይስማ ንጉሥ፦ ለሐይቅና ለአምባሰል እኩዮቼ

ይህን ቃል የምጽፈው ለልጆቻችን አይደለም፤ እነሱ በየስብሰባው ተመክረው ተመክረው ጆሯቸው ደንዝዟል። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከሐይቅ ዳር እስከ ውጫሌ፣ ከተሁለደሬ ሜዳ እስከ ግሸን አቀበት ተበትናችሁ ለምትኖሩ፣ በቅሬው ዳኛ ሆናችሁ ለምትቀመጡ፣ በመስጊዱ ደጅ ዱዓ ለምታደርጉ፣ በደብሩ አጸድ ሥር ጥላ ለምትጋሩ፣ ከእኔ ጋር ሦስት መንግሥት ሲወድቅ አይታችሁ አራተኛውን በማየት ላይ ላላችሁ የዘመን እኩዮቼ። ከዕድሜያችን ያተረፍነው ነገር ቢኖር የደመናን ቀለም መለየት ነው። ሰሞኑን የማየው ደመና ከዚህ ቀደም ያየሁት መስሎ ስለ ታየኝ ዝም ብዬ ማደር አቃተኝ።

ከጥቂት ክረምት በፊት አንድ የምክር ቤት ተመራጭ እኛ ዘንድ መጥቶ ነበር። ስሙ ለነገሬ አያስፈልገኝም፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረምና። ጉባኤው ሰኔ 30 ተዘግቶ ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ የሚወርዱበት ወቅት ነበር። እንግዳ አክባሪነታችን መቼም አይታማም፤ ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ ቡናው ከአቦሉ እስከ በረካው ተጠጣ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ስለ ትራንስፎርመር ለመነ። ሌላው ስለ መንገዱ ለመነ። ሦስተኛው ስለ ቧንቧው፣ አራተኛው ስለ ጤና ጣቢያው ለመነ። እንግዳው ሁሉንም በማስታወሻው ጻፈ፣ «ለሚመለከተው አካል አደርሳለሁ» አለ፣ እኛም እጃችንን ዘርግተን መረቅን፣ አሚን ተባለ፣ ሄደ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ «ዘንድሮ በምክር ቤቱ ቆመህ ምን ጠየቅህ? የትኛውን አዋጅ ደገፍህ፣ የትኛውንስ ተቃወምህ፣ ስለምን?» ያለው ሰው አንድም አልነበረም። እኔም ከመራቂዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ እንዲያውም ምርቃቱን የጀመርሁት እኔ ነኝ።

ሲመሽ በአልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፣ ተመራጭን ስንለምነው ምን እንደምናደርገው እስከዚያ ቀን ድረስ አለማሰቤ አሳፈረኝ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለዚያ ሰው የሰጠው ሥራ ሌላ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ የአገሪቱን በጀት ያጸድቃል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከአባላቱ መካከል ይመረጣል፣ የሚኒስትሮቹ ሹመትም በእሱ ይጸድቃል። አንቀጽ 55ን ያነበበ ሰው ከዚህም በላይ ያገኛል፤ ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌላውን የፌዴራል ባለሥልጣን ጠርቶ ይጠይቃል፣ አሠራሩን ይመረምራል፣ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ደግሞ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ሥልጣን በማንኛውም ጉዳይ ላይ ተወያይቶ ይወስናል። ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለዚሁ ቤት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጠያቂ ሆኖ የተላከን ሰው እኛ ለማኝ አድርገን መለስነው። የቀበሌውን መንገድና ጤና ጣቢያውን የወረዳና የክልል ሹም ሊጠየቅበት ሲገባ የእሱ ሸክም አደረግነው። ጠዋት በሚኒስትር ቢሮ ደጃፍ ቆሞ ስለ ሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚማጸን ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ሚኒስትር በጉባኤ ፊት አቁሞ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ልበል ቢል አንደበቱ አይታዘዝለትም።

በቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር በሚለው፣ እንዲህ አናደርግም። የቅሬ ዳኛ ዓመቱን ሙሉ ሲያስቀብርና ሲያስተዛዝን ኖሮ፣ የሒሳቡ ቀን ሲደርስ ግን ደብተሩን ገልጦ ከፊታችን ይቀመጣል። ከየቤቱ የተዋጣው ስንት ነው፣ ለከፈን ስንት ወጣ፣ ለድንኳኑ መጠገኛ ስንት ተከፈለ፣ ከድስቶቹ አንዱ የት ቀረ እየተባለ ይጠየቃል፤ ዳኛው የሥጋ ዘመዳችን ቢሆንም፣ የሃይማኖት አባታችን ቢሆንም ይጠየቃል። የተጠየቀም አይቆጣም፤ መጠየቁ ክብሩ መሆኑን ያውቃልና። አንድ ድስት ቢጠፋ እስከ ማታ የምንሟገት ሰዎች ነን። ይኸው እኛ ግን ለ2018 በጀት ዓመት 1.93 ትሪሊዮን ብር ጸደቀ ሲባል በሬዲዮ ሰማን፤ ከራሳችን በላይ የሚያልፍ አውሮፕላን ድምፅ ይመስል ቀና ብለን አይተን ጎንበስ አልን። ያ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። አብዛኛው ከስኳሩ፣ ከሳሙናው፣ ከነዳጁ፣ ከልጆቻችን ደመወዝ እየተቆነጠረ የተጠራቀመ መዋጮ ነው። የአገሪቱ ትልቅ ቅሬ ቢኖር ይኸው ነው፤ ደብተሩ ሲገለጥ ግን እኛ ከቦታው የለንም።

ደብተሩ አይገለጥም እንዳትሉ። ዋናው ኦዲተር በምክር ቤቱ ይሾማል፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ ይመረምራል፣ ያገኘውንም ለዚያው ለምክር ቤቱ ያቀርባል። በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ ስንሰማው የኖርነው ነገር አለ፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከደንብና መመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የቃላቱ ቅደም ተከተል እንኳ አይለወጥም። ኦዲተር ያየውን ይናገራል እንጂ ሹምን አይሽርም፤ የመጠየቁ ጉልበት ያለው ከተመራጮቹ ዘንድ ነው፣ የተመራጮቹ ጉልበት ደግሞ የሚመጣው እነሱን ከሚጠይቃቸው ሕዝብ ነው። ከታች ጠያቂ የሌለው ተመራጭ ከላይ ጠያቂ ሊሆን ምን አስገደደው?

አሁን መጀመሪያ ላይ ወደ ጠቀስሁት ደመና ልመለስ፤ ከዚህ ቀደም ያየሁት በልጅነቴ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ደሴ ላይ ከአንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ጆንያ ቆጣሪ ነበርሁ። ገና ጢሜ ያላቀመቀመ ልጅ ነበርሁና፣ በእጄ ያለው እርሳስና ብጣሽ ወረቀት ትልቅ ሹመት ይመስለኝ ነበር። ማለዳ ማለዳ የጭነት መኪና ይቆማል፣ ኩሊዎች ይጭናሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ መኪናው ወደ ደቡብ ይዞ ይሄዳል። በዚያው መንገድ ላይ፣ ከቆቦና ከወልድያ፣ ከእኛው ከአምባሰልና ከተሁለደሬ፣ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ደሴ ይገባሉ። መኪናው እህል ይዞ ሲወጣ እነሱ ባዶ እጃቸውን ሲገቡ፣ በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ ሲተላለፉ አያለሁ። አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር ከተቀመጡት መካከል እናቴ ክርስትና ያነሣቻትን ሴት አየኋት። በኋላ አልሰነበተችም። እርሳሱን ግን አልጣልሁም፤ ሰኞ ተመልሼ ቆጠርሁ።

ይህን ከዓመታት በኋላ ሊቅ መጥቶ ጻፈው። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚናገር መጽሐፉ የወሎን ረሃብ መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም እንዳልተወደደ፣ እህልም ከወሎ እየወጣ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ይሄድ እንደነበር አሳየ። የጠፋው የገበሬው የመግዣ አቅም ነበር፤ ከብቱ አልቆ፣ አዝመራው ደርቆ፣ ከገበያው ደጃፍ ላይ ባዶ እጁን ቆሞ ሞተ። ይኸው ሊቅ ኋላ ላይ የተናገረውና ዓለም ሁሉ የያዘለት ሌላ ነገር አለ፤ ጋዜጣው ነጻ በሆነበት፣ ገዥውም በሕዝብ ድምፅ ሊሻር በሚችልበት አገር ብዙ ሰው የሚፈጅ ረሃብ አልታየም ይላል። የዝናቡን መቅረት ማንም ፓርላማ አያስቀረውም። ሹሙ ስለ ዝናቡ መቅረት ቀድሞ እንዲናገር፣ ጎተራውንም ቀድሞ እንዲከፍት የሚያስገድደው ግን የሚጠይቀው ሰው መኖሩን ማወቁ ነው።

በእኛ ዘመን ፓርላማ አልነበረም እንዴ? ነበረ እንጂ። ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ ሁለት ምክር ቤት ነበረን፤ የሕግ መወሰኛውና የሕግ መምሪያው። በመጀመሪያ የመምሪያው አባላት በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጡ ነበር፤ ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ወዲህ ሕዝብ ድምፅ መስጠት ጀመረ፣ የመወሰኛው አባላት ግን እስከ መጨረሻው በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ንብረት የሌለው ሰው ለመመረጥ አይቀርብም። ሚኒስትሮቹን የሚሾመውም የሚሽረውም ዙፋኑ ስለ ነበረ፣ ሚኒስትር ፊቱን የሚያዞረው ወደ ግቢ እንጂ ወደ ፓርላማ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ ቤቱ ጨርሶ ዲዳ አልነበረም፤ በተለይ ወደ መጨረሻው ግድም ይከራከር፣ ረቂቅ ይመልስ፣ ግብር ይቀንስ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ የሚጠነክረው የአባላቱ የራሳቸው ርስት ሲነካ ነበር። የጭሰኛንና የባለመሬትን ግንኙነት ያሻሽላል የተባለው ረቂቅ ሕግ ዓመታት ሙሉ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ሲንከባለል ኖሮ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰበት። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃምን አሸፈተ፣ ጦር ተላከ፤ ሳይጠየቅ የታወጀበት ሕዝብ መልሱን በጠመንጃ ሰጠ ማለት ነው።

ወሎ ሲያልቅ ያ ቤት አራት ኪሎ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሁሉ አባል መካከል ሚኒስትሮቹን አቁሞ «ስንት ሰው ሞተ? እህሉስ የት ሄደ?» ብሎ አገር እስኪሰማው ድረስ የጮኸ ድምፅ አልወጣም። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። ቀጥሎ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ካሜራውን ይዞ መጣ፤ ጥቅምት 1966 ላይ ፊልሙ በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። ፓርላማችን ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ የባሕር ማዶ ካሜራ ጠየቀው። መርማሪ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1966፣ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ የካቲት ላይ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሟቾቹ ግን በዚያን ጊዜ ተቀብረው አልቀዋል። ቁጥራቸውን አንዳንዱ 40,000፣ አንዳንዱ 200,000 ያደርሰዋል፤ ይህን ያህል የሚራራቅ ግምት በራሱ ምን ያህል ሳንቆጠር እንደ ሞትን ይመሰክራል። ደርግ ያንኑ ፊልም ከግብር ማብላት ሥዕል ጋር አሰናስሎ ለአዲስ ዓመት ማታ በቴሌቪዥን አሳየና፣ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረደ፣ ፓርላማውንም ዘጋ። ለፓርላማው ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ለማያውቀው ዘመድ ማን ለቅሶ ይቀመጣል?

ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ምርመራው ፍርድ ሳይሆን ኅዳር 14 ቀን 1967 ላይ ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተረሸነ። እኔ ያን ጊዜ ልጅነት ይዞኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እናንተም ከመካከላችሁ ያልተደሰተ ጥቂት ነው። ሹም በጊዜው በቃል ካልተጠየቀ ኋላ በጥይት እንደሚጠየቅ፣ የጥይቱም ጥያቄ በጥፋተኛው ብቻ እንደማይቆም ገና አልገባንም ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጥይቱ ወደ ልጆቻችን ዞረ። ከዚያ እስከ 1979 ዓ.ም. መጨረሻ አገሪቱ ያለ ምክር ቤት ኖረች፤ በዚያ መካከል 1977 መጣና በዚያው በወሎ መንገድ፣ በእነዚያው ሰዎች ላይ፣ ያው ረሃብ ተደገመ፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ድግስ ግን አልተጓደለም። ብሔራዊ ሸንጎ ሲቋቋም 835 አባላት ነበሩት። ሸንጎ የሚለው ስም ደስ ይላል፤ በሸንጎ ግን እጅ ይወጣ ነበር እንጂ ቃል አይወጣም ነበር።

እንግዲህ የአሁኑን ተመልከቱ። የዛሬው ሕገ መንግሥት በወረቀት ላይ ለተወካዩ የሰጠው ክብር ከአባቶቻችን ፓርላማ ይበልጣል። ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝብና ለህሊናው ነው ይላል፤ በምክር ቤት በሰጠው ድምፅና አስተያየት አይከሰስም ይላል፤ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። ወንበሩ 547 ነው። በ2002 ምርጫ ከእነዚህ 545ቱ በገዥው ፓርቲና በአጋሮቹ ተያዙ፤ በ2007 ሁሉም ተያዙ፣ አንድ እንኳ አልቀረም። በ2013 ምርጫ በመጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 ወንበሮች ገዥው ፓርቲ 410ሩን አገኘ። ወንበር ብዙ መያዝ ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም ከአንድ ማጀት የሚበሉ ከሆነ ጥያቄው ጨው ያጣል።

በዚያ መካከል አንድ ደግ ልማድ ተጀምሮ ነበር። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣ ማለትም ኦዲተሩ ያመጣውን ደብተር ይዞ መሥሪያ ቤቶችን የሚጠይቀው ኮሚቴ፣ ለተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ተሰጠ፤ አቶ ክርስቲያን ታደለ ሊቀ መንበሩ ሆኑ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን በተነሣው ውጊያ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በዚያው ሰሞን ሰውየው ታሰሩ። እኔ የፓርቲያቸው ሰው አይደለሁም፤ በብዙ ነገር እንደማንስማማም አውቃለሁ። የቅሬውን ደብተር ተቆጣጣሪ ሰዎች መጥተው ቢወስዱት ግን፣ ሰውየው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ከማለታችን በፊት «ደንባችን ምን ይላል? ቅሬው ፈቅዷል ወይ?» እንል ነበር። በእኛ ሰፈር ያን ጊዜ የተባለው «ከነገር ራቅ» ብቻ ነው። አዋጁ ነሐሴ 8 በምክር ቤቱ ጸደቀ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዘመ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቆም፣ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ እንዲገልጽ፣ ኢሰብአዊ ድርጊት እንዳይፈጸም እንዲከታተል ያዛል። ልጃችን ተይዞ የት እንዳለ ስናጣ ወደየወታደር ካምፑ ስንንከራተት ስንቶቻችን ነን ይህ ቦርድ መኖሩን አስታውሰን ለተወካያችን የጻፍነው?

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ነገር ልናገር፤ ከመንገዴ ብወጣም ይቅር በሉኝ። ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ የሚባል ስፍራ አለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። ስለ አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች ነገሥታት ጋር መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፣ ኢጣልያንኛው ግድ አደረገው። ከዚያ አንድ ቃል የተነሣ ዐድዋ ድረስ ተሄደ። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የቦታው ስም ነው። ይስማ ንጉሥ። ከውሉ ይልቅ ስሙ የሚበልጥ ምክር ይመስለኛል፤ የሚሰማ ንጉሥ እንዲኖር የሚናገር ሕዝብ ያስፈልጋል፣ የሚነበብ አዋጅ እንዲኖርም የሚያነብ። ዛሬ ስንት አዋጅ ነው በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ፣ በእኛው መሬት፣ በእኛው ግብር፣ በእኛው ልጅ ላይ ሥራውን ሲሠራ ከኖረ በኋላ የደረስንበት?

የመጠየቅ ባህል አጥተን ደግሞ አይደለም። አባቶቻችን ሌባ በመንደር ሲገባ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሹሙም ድሃውም እኩል ፀሐይ እየመታው፣ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። በውስጡ ግፍ አልነበረም አልልም፤ አዝመራው በማሳው ላይ እየረገፈ የተቀመጠውን ድሃ አውቃለሁ። ሐሳቡ ግን ዛሬ ምክር ቤት ከሚባለው ሐሳብ ጋር አንድ እናት የወለደችው ነው፤ የጋራ ነገር ሲጠፋ በጋራ ይጠየቃል። ደም ሲፈስስ አበጋሮቻችን በመካከል ገብተው የገዳይንም የሟችንም ወገን ቃል ይሰሙ ነበር፤ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚያስታርቅ አበጋር አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ይዘን ነው ተወካይ ሲመጣ ትራንስፎርመር የምንለምነው።

በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴ ሲገባ፣ በሌሊት ፍራሽ ተሸክመን የወጣነው እኛ ነን። ከሌላ ክልል ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን በጃሪ መጠለያ ሸራ ሥር ልጅ ሲወልዱና ሽማግሌ ሲቀብሩ ያየነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህም ተራራው አልተረጋጋም፤ ጫካ የገባውን ልጅና ካምፕ ያለውን ወታደር ሁለቱንም ወልደናል። ይህን ሁሉ በድንገት የወረደብን መቅሰፍት አድርገን እንናገራለን። እኔ ግን ደሴ ላይ ጆንያ የቆጠርሁበትን እጄን ሳየው ሌላ ነገር አስባለሁ። ጥያቄ በሸንጎ ቦታ ሲያጣ መንደር ለመንደር ይዞራል፤ ከመንደር ሲባረር ዱር ይገባል፤ ከዱር ሲወጣ ጥያቄ መሆኑን ረስቶ ነው የሚመጣው። ልጆቻችን በቃል መጠየቅ ፋይዳ እንደሌለው ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ በአፋችን አላስተማርናቸውም፣ በቡናው ላይ ዝም ስንል እያዩን አደጉ። አሁን ደግሞ ዝምታችንን ጨዋነት ብለን እንጠራዋለን። ጨዋነት አይደለም ወዳጆቼ፤ ደክሞን ነው፣ ፈርተንም ነው፣ ጥቂቶቻችንም ከማዳበሪያውና ከእርዳታው እህል ስማችን እንዳይሰረዝ ነው። ይህን ስናገር በማንም አልፈርድም፤ በ1965 እርሳሱን ያልጣልሁት ለሰባት ብር ደመወዝ ነበር።

ጊዜው ገና አላለፈም። ምክር ቤቱ በየዓመቱ መስከረም በመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፣ በመካከል ለአንድ ወር ያርፋል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በጀቱ የሚታየው በመዝጊያው ግድም ነው፣ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይብታል። እንግዲህ ተወካይ በእረፍቱ ሲመጣ የሚመጣበት ቀን ይታወቃል። ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል፤ ማንሣቱ ቢቀር እንኳ፣ ሊነሣ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው አነጋገሩ ይለያል። ቡናውን አናስቀርበት፤ ቄጤማውም ይጎዝጎዝ። ወጣት ሴቶቹም ከምድጃው ዳር ተነሥተው ይቀመጡ፣ እነሱ ከእኛ ይልቅ ያነባሉና።

በሰፈሬ ቅሬ ባለፈው ሰሞን አንድ ነገር አቅርቤ ነበር። የቅሬው ደብተር የኋላው ገጽ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ተወካያችን በዓመቱ የጠየቀውን፣ የደገፈውንና የተቃወመውን በየቀኑ እንድንጽፍ፤ በሬዲዮ የሰማነውን፣ ልጆቻችን በስልካቸው ያነበቡልንን፣ በጋዜጣ ያየነውን እየሰበሰብን። ጸሐፊያችን መጀመሪያ ሳቀ፤ «ባዶ ሆኖ ቢቀርስ?» አለኝ። ባዶ ከሆነ ባዶውን እናሳየዋለን አልሁት። ትንሽ አሰበና ደብተሩን ገልብጦ በኋላው ገጽ አናት ላይ ቀኑን ጻፈ።